ለበሽተኛ አይነገርም

መምህርት ተናኘወርቅ በዚያ የሚያዝያ ሐሙስ ክፍል የገባችው ተናድዳ ነበር። ይህ እንደ ወሬ አይቆጠርም። ቡታጅራ ላይ ባዮሎጂ ስታስተምር አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሳትናደድ የዋለችበትን ቀን ቁጠሩ ቢባሉ ተማሪዎቿ በአንድ እጅ ጣት ይጨርሱታል። ጠመኔዋ ሰሌዳው ላይ ሲጮህ ከሰሙ ማንም ሳያዛቸው ደብተራቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

የዚያን ቀን ያናደዳት ፕላዝማው ነው። መንግሥት በየክፍሉ የሰቀለው ያ ትልቅ ቴሌቪዥን ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ በማይያዝ እንግሊዝኛ ይጣደፍና፣ ለአስተማሪዋ መግቢያና መውጫ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ ይወረውርላታል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል እንጂ አይገባቸውም። አሁን ደግሞ ከተበላሸ ሦስተኛ ቀኑ ሆኖ፣ ከቢሮ የመጣው ትእዛዝ "እስኪጠገን ድረስ መልመጃ ይሥሩ" የሚል ነው። ዲግሪ ይዛ እንደ ዘበኛ ቆማ ልጆች መልመጃ ሲሠሩ ልትጠብቅ! "ይኼን ጉድ የሰቀለው ሰው ራሱ ይምጣና ያሠራ" አለችና ጠመኔዋን አነሣች።

ርዕሱ ሆርሞን ነበር። ጥቂት እንደጻፈች ከኋላ ወንበር ሩፋይዳ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሆርሞኑ በደም ሆኖ መላ ሰውነታችንን ይዞራል ብለዋል። ታዲያ ጡት ሲሰማው ክርን የማይሰማው ለምንድን ነው?"

ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። ተናኘወርቅ ግን ንዴቷ ወዲያው በረደ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃት ልጅ ካገኘች ዓመት አልፏት ነበር።

"ዝም በሉ! ከናንተ ሁሉ ያሰበችው እሷ ናት። መናኸሪያ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ረዳቱ 'ቡኢ! ቡኢ! ቡኢ!' ብሎ ሲጮህ ድምፁ ግቢው ውስጥ ላለው ሁሉ ይደርሳል። ዞር የሚለው ግን ቡኢ የሚሄደው ብቻ ነው። ሕዋስም እንደዚያ ነው። ተቀባይ ከሌለው ሆርሞኑ ቀኑን ሙሉ በደጁ ቢያልፍ አይዞርም። ተቀባዩ የሚሠራበት ጽሑፍ ግን በሁሉም ሕዋስ ውስጥ አለ። በክርንሽም አለ፣ በጡትሽም አለ፣ በማህፀንሽም አለ። መጽሐፉ አንድ ነው። ልዩነቱ የትኛው ገጽ ተገልጧል፣ የትኛው ተጣብቆ ተዘግቷል ነው። ጡት ያንን ገጽ ገልጦ ያነባል፤ ክርን ዘግቶታል። አሁን ደግሞ ዋናውን ነገር ስሙኝ። ጡትና ማህፀን ሁለቱም ገጹን ገልጠውታል፤ ሁለቱም ተቀባይ አላቸው። ግን ያንኑ መልእክት ተቀብለው አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። በየቤታቸው ያለው አጋዥ ይለያያል።"

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ክኒን ታውቃለች። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ዋጥ አደረገችውና "ለፈተና ይመጣል፣ ጻፉ" አለች።

ደወል ተደውሎ ከክፍል ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። ወልቂጤ ያለችው ታላቅ እህቷ ዘርፈሽዋል ናት።

"ተናኜ! ጌታ ጎበኘኝ! እሑድ እኛ ቤት የምስጋና ፕሮግራም አለ። ድንኳን ሁሉ ተከራይተናል። አንቺ ሳትኖሪ አይሆንም፣ ቅዳሜ ነይ።"

"ምን ተገኘ እትዬ? የምን ምስጋና?"

"ምስክርነት እሰጣለሁ። እስከዚያ በስልክ አይወራም ብዬ ነበር" አለችና ሣቋ አመለጣት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የወር አበባዬ ተመልሷል" አለች።

ተናኘወርቅ የክፍሉን በር መቃን ያዘች። "መቼ?"

"ይኸው አራተኛ ወሩ። በመጀመሪያ ጠብ ጠብ ነበር፤ አሁን እንደ ልጅነቴ ሆኗል። ወንድም ፍቅሩ ጸልዮ ነበር እኮ፤ የሣራ ማህፀን ነው፣ ልጅ ይመጣል ብሏል። በሀምሳ አራት ዓመቴ፣ ተናኜ! ባዩ እንቅልፍ አጥቷል።"

ዘርፈሽዋል ልጅ አልወለደችም። ከባሏ ከባዩ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ስትኖር ያላየችው ሐኪም፣ ያልተንበረከከችበት የጸሎት ቤት የለም። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የወር አበባዋ ሲቆም "እንግዲህ ጌታ ይህንን ከለከለኝ፣ ሌላ ሰጠኝ" ብላ የክርና የጨርቅ ሱቋን ከፍታ ተቀመጠች። አሁን ስልኩ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የዚያች ሴት አልነበረም። የሃያ ዓመት ሙሽራ ድምፅ ነበር። ተናኘወርቅን ያስደነገጣትም ይኸው ደስታ ነው።

"እመጣለሁ" ብላ ዘጋችው።

በቀጥታ ሄዳ የአንድ ለአምስታቸውን መሪ፣ የፊዚክሱን ሸረፋን አገኘችና ነገ እንደማትገባ ነገረችው።

"ነገ እኮ ግምገማ አለ" አለ ሸረፋ። "ወላሂ ተናኘወርቅ፣ ስምሽን ሳልጽፍ ባልፍ ለእኔም አይበጀኝም።"

"ጻፈው! በደማቅ ቀለም ጻፈው! ከፈለግህ ሁለት ጊዜ ጻፈው!"

ሸረፋ ፊቷን አየና እስክሪብቶውን ከደነ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"እህቴ ታማለች። ታማለች፣ እሷ ግን ድግስ ደግሳለች።"

ነገሩ አልገባውም። "አላህ ያሽራት። ሂጂ፣ ክፍለ ጊዜሽን እኔ እይዝልሻለሁ" አላት።

ዓርብ ጠዋት መናኸሪያ ወረደች። በአረቅጥ በኩል ማቋረጥ ባጠረላት ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ግን መንገዱን አብኩቶታል ስላሏት በቡኢ አድርጋ ዓለም ገና ደረሰችና ከዚያ የወልቂጤውን አውቶቡስ ያዘች። መንገዱን ሙሉ ስትናደድ ሄደች። መጀመሪያ በወንድም ፍቅሩ ተናደደች፤ ደም ያየውን ሁሉ በረከት እያለ የሚሰብክ ሰው! ቀጥላ በባዩ ተናደደች። ከዚያ በጸሎት ቤቱ ሴቶች፣ ከዚያ በእህቷ የዋህነት፣ ከዚያ ከኋላዋ ተቀምጦ ጫት በሚቅመው ሰውዬ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። በሁሉም ላይ ስትዞር የዋለችው፣ አንድ ሰው ላይ ላለመድረስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዘርፈሽዋል ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባትና አዲስ አበባ ተወስዳ ተቀደደች። ጡቷ ተነሣ። የተነሣው ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ በመጣ ቀን ሐኪሙ ታማሚዋን አልጠራም። ኮሪደር ላይ ብቅ ብሎ "ቤተሰብ!" ብሎ ተጣራ። ባዩና ተናኘወርቅ ተነሥተው ሄዱ። ዘርፈሽዋል አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በክፍት በር ታያቸው ነበር።

"ካንሰር ነው" አላቸው ሐኪሙ። "የሴት ሆርሞን ተቀባይ የበዛበት ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግን ደግ ነው፤ ክኒን አለው። በየቀኑ አንድ፣ አምስት ዓመት ትውጣለች። ክኒኑ ጡት ላይ ያለውን ተቀባይ ይዘጋል፣ ሆርሞኑ ቦታ ያጣል። ማህፀን ላይ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ እዚያ መዝጋቱን ትቶ እንደ ሆርሞኑ ራሱ ይቀሰቅሳል። ብዙዎቹ ላይ ምንም አይመጣም። ጥቂቶች ላይ ግን የማህፀን ካንሰር ያመጣል። የወር አበባዋ የቆመ ሴት ናት፤ ከእንግዲህ ጠብታ ደም ብታይ በዚያው ሳምንት አምጧት። ይህንን ንገሯት።"

ንገሯት ብሏል። ተናኘወርቅ ለዚህ ምስክር አያስፈልጋትም፤ ቃሉ በጆሮዋ አለ። ግን በእኛ አገር መርዶ ለባለቤቱ በመጨረሻ ነው የሚነገረው፤ በሽታ ደግሞ ከነጭራሹ ለበሽተኛ አይነገርም። ካንሰር የሚባል ቃል የሰማ ሰው በቃሉ ይሞታል እንጂ በበሽታው አይሞትም ይባላል። ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ተያዩ፤ ሳይነጋገሩ ተስማሙ። ወደ አልጋው ተመልሰው "እባጭ ነው አሉ፣ ወጥቷል፣ ክኒኑ እንዳይመለስ ነው" አሏት። እሷም "ተመስገን" አለች።

የደሙን ነገር ለመንገር የማህፀኑን ነገር መንገር ያስፈልጋል። የማህፀኑን ለመንገር የክኒኑን፣ የክኒኑን ለመንገር የካንሰሩን። ስለዚህ ተናኘወርቅ ሁሉንም ዋጠችው። ክኒኑ ወልቂጤም ቡታጅራም ስለማይገኝ በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ወጥታ የምትገዛው እሷ ነበረች። ዘርፈሽዋል ደግሞ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳታነብ የማትጥል ሴት ናት። ስለዚህ ተናኘወርቅ ከየፓኮው ውስጥ መግለጫውን እያወጣች ትቀድደው ነበር። አንድ ቀን አይደለም፤ ስምንት ጊዜ።

ወልቂጤ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። የባዩ የእንጨት ሥራ ቤት ግቢው በር ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ያገኘችው እሱን ነው። አጎንብሶ አንድ ነገር በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቀና ሲል ፊቱ እንጨት አቧራ ለብሶ በራ።

"ተናኜ! እንኳን ደህና መጣሽ! ነገ ነበር እኮ የጠበቅንሽ።"

እሷ የምታየው እጁ ሥር ያለውን ነበር። አራት ትናንሽ እግሮች፣ ዙሪያውን ርብራብ።

"ይኼ ምንድን ነው ጋሼ ባዩ?"

"አልጋ ነው።"

"የማን አልጋ?"

ባዩ ርብራቡን በመዳፉ ዳሰሰው። "ከዋንዛ ነው የሠራሁት" ብቻ አለ።

ለሰው አልጋ፣ በርና ቁም ሳጥን እየሠራ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረ አናጢ ለራሱ ልጅ አልጋ ሲሠራ ማየት ልብ ይሰብራል። ተናኘወርቅ ልቧ ሲሰበር ግን አታለቅስም፤ ትጮኻለች።

"ኮሪደሩ ላይ አብረውኝ ቆመው አልነበር? ሐኪሙ ሲናገር የት ነበሩ? ደም ካየች በዚያው ሳምንት አምጧት አላለም? አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ደም እየፈሰሳት እርስዎ እዚህ ዋንዛ ይልጋሉ!"

ባዩ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ። "መቼ ነው እንደዚያ ያለው?"

"ለሁለታችንም ነው የነገረን!"

"ካንሰር የምትለዋን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አልገባኝም፣ ተናኜ። ጆሮዬ ጭው ብሎ ነበር። ሌላውን አስተማሪዋ ትይዘዋለች ብዬ ነው የተውኩት።" ቀና ብሎ አያት። "አሁን ይኼ ደም... እሱ ነው?"

"ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ መታየት አለባት።"

ባዩ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ክንዷን ያዛት። "እሺ፣ ውሰጃት። ግን ካንሰር ነበር ብለሽ እንዳትነግሪያት። ትሞትብኛለች። እንድታረግዢ ምርመራ ነው በያት። እሷም ደስ ብሏት ትሄዳለች።"

ምን ያህል ቀላል ነበር! ተናኘወርቅ ይህን ውሸት እንደሰማች እፎይ አለች፤ እንዳለችም በራሷ ተናደደች፤ እየተናደደችም ውሸቱን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ዘርፈሽዋል ሳሎን ውስጥ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ከንፈሯ ገርጥቷል፤ ዓይኗ ግን ይበራል። አጠገቧ ወንድም ፍቅሩ የእሑዱን ፕሮግራም በደብተር እየጻፈ ነው፤ መጀመሪያ መዝሙር፣ ቀጥሎ ቃል፣ ቀጥሎ የእህት ዘርፈሽዋል ምስክርነት። ፍቅሩ አጠር ያለ፣ አንገቱ ላይ ሜትር መጠምጠሙን ሁልጊዜ የሚረሳ ልብስ ሰፊ ነው። ዛሬም ረስቶት ነበር።

እህትማማቾቹ ተሳሳሙ። ተናኘወርቅ ጀርባዋን ስታቅፍ አጥንቷ ተቆጠረላት።

"እትዬ ዘርፌ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አለች። "ነገ አዲስ አበባ እንሂድ። ሐኪም ይይሽ። እንድታረግዢ።"

"ነገማ እንዴት ይሆናል? ምስክርነቴን ሳልሰጥ? ጌታ የጀመረውን ይጨርሰዋል። ለበዓለ ሃምሳ ሰሞን እንሄዳለን፣ ምን ያስቸኩለናል?"

"በዓለ ሃምሳማ ከወር በላይ ነው!"

"ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ወር ያቅተዋል?" ብላ ሣቀች።

ያ ሣቅ ተናኘወርቅን አፈነዳት። ዞር ብላ ፍቅሩ ላይ ወረደችበት።

"አንተ ነህ ይህን ሁሉ ያመጣኸው! በሀምሳ አራት ዓመት ሴት ማህፀን ላይ ትንቢት የምትናገረው በምን ዕውቀትህ ነው? ደም አይተህ ልጅ ነው የምትለው በየትኛው ትምህርትህ ነው? ይህች ሴት አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው አንተ ነህ! ሰምተኸኛል? አንተ!"

ፍቅሩ ደብተሩን አጠፈ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

"እህት ተናኘወርቅ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ሕክምና የማውቀው የለም። እህቴ መጥታ ስትጠይቀኝ 'ሌላ ሕመም አለብሽ ወይ?' አልኳት። 'ጡቴ ላይ እባጭ ነበር፣ ወጥቶልኛል፣ ጤነኛ ነኝ' አለችኝ። እሷ የምታውቀውን ነገረችኝ፤ እኔም በሰማሁት ላይ ጸለይኩ። ሌላ ነገር ካለ፣ ይኸው እዚህ ተቀምጣለች። እኔን ከምትሰድቢ ለእሷ ንገሪያት።"

ባዩ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ እምቢታ ያሳያል፤ አታድርጊው፣ አታድርጊው። ዘርፈሽዋል ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከተች። ሣቋ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ምንድን ነው የምትነግሪኝ?" አለች።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሦስት መቶ ልጆች ፊት ያልተንተባተበች አስተማሪ ተንተባተበች። "እትዬ፣ ያ እባጭ... እባጭ አልነበረም። ካንሰር ነበር።"

ተናኘወርቅ ቀጠለች።

"የምትውጪው ክኒን እሱ እንዳይመለስ ነው። ጡትሽ ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ የሴት ሆርሞን ስትመጣ ቦታ የለም ትባላለች። ማህፀንሽ ላይ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። እዚያ መሪውን ይጨብጣል። አንድ ክኒን ነው፣ ሥራው ግን በየአካሉ ይለያያል። የማህፀንሽን ግድግዳ ያሳድገዋል፤ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ያሳድገዋል። ምልክቱ ደም ነው። ይኼ ደም የወር አበባ አይደለም እትዬ። ልጅም አይደለም።"

"አንቺ ይህን መቼ አወቅሽ?"

"ያኔ። ኮሪደሩ ላይ።"

"ባዩስ?"

"ካንሰሩን ያውቃል።"

"ሐኪሙ አትንገሯት ብሏችሁ ነበር?"

ተናኘወርቅ መዋሸት ትችል ነበር። "ንገሯት ነበር ያለው።"

ዘርፈሽዋል ጥቂት አሰበች። "መድኃኒት ሁሉ ወረቀት አለው። የእኔ ለምን የለውም ብዬ ጠይቄሽ ነበር። ከውጭ በብዛት ስለሚመጣ ነው አልሽኝ።"

"እኔ ነበርኩ የማወጣው። እንዳትደነግጪ ብዬ።"

ዘርፈሽዋል በሕይወቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ሱቋ ውስጥ ሰው ክር ሲሰርቃት እንኳ "ወንድሜ፣ ረስተህ ነው" የምትል ናት። በቤተሰቡ ውስጥ የንዴት ድርሻ ሁሉ ለታናሿ የተሰጠ ይመስል ነበር። አሁን ተነሣች፤ ስትነሣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

"እንዳልደነግጥ! አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ተንበርክኬ አመሰገንኩ! ደም ባየሁ ቁጥር 'ጌታ ሆይ ጨምርልኝ' አልኩ! ጨምርልኝ! በገዛ ሞቴ ላይ ዘመርኩ! የሰፈሩ ሴት እልል አለልኝ፤ እናንተ ሁለታችሁ እያወቃችሁ!" እጇን ባዩ ላይ ቀሰረች። "አንተ ሃያ ስድስት ዓመት አብረኸኝ ተኝተህ ሥጋዬን ደበቅኸኝ!" ወደ ተናኘወርቅ ዞረች። "አንቺ ደግሞ የማታውቂያቸውን የሰው ልጆች ሰብስበሽ ስለ ማህፀን ታስተምሪያለሽ። የእኔን ማህፀን ከእኔ ሰረቅሽኝ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ መቼ ደበቅሁ? እኔ ለሰፈሩ ሁሉ ነበር የተናገርኩት! የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ! ማን ፈቀደልሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ አስተማሪዋ፣ ማን ፈቀደልሽ?"

ቀኑን ሙሉ አፏ ላይ ሲንከባለል የዋለው የተናኘወርቅ ቁጣ ከዳት።

"ስለምወድሽ መስሎኝ ነው" አለች።

"ፈርተሽ ነው። እኔ ስሰማ ፊቴን ማየት ፈርተሽ ነው።" ዘርፈሽዋል የወደቀውን ወንበር አነሣችና ቀና አድርጋ አቆመችው። "ወንድም ፍቅሩ፣ ለድንኳኑ ሰዎች ንገርልኝ፤ እሑድ የሚባል የለም። ነገ በመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እናንተም ትመጣላችሁ። ግን ካሁን በኋላ ማንም ስለ እኔ ኮሪደር ላይ አይቆምም።"

ቅዳሜ ሄዱ፤ ሰኞ ሐኪም አያት። በመሣሪያ አዩ፣ ከማህፀኗ ግድግዳ ናሙና ወሰዱና ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሱ አሏቸው። አሥሩን ቀን መርካቶ አካባቢ ካለ የባዩ የአጎት ልጅ ቤት አረፉ። ዘርፈሽዋል ለሁለቱም እህል አቅርቡልኝ፣ ውኃ ስጡኝ ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰችም። ክኒኑን እንድታቆም ሐኪሙ ራሱ ነግሯታል፤ ለእሷ፣ ፊት ለፊት። ተናኘወርቅ በእነዚያ ቀናት በማን ላይ እንደምትናደድ ግራ ገባት። በሐኪሙ እንዳትናደድ ተናግሯል። በፍቅሩ እንዳትናደድ አልዋሸም። ንዴቱ የሚያርፍበት ሲያጣ እየዞረ እሷው ላይ ይተኛል።

የውጤቱ ቀን ሦስቱም ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ወደ አራት ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ በሩን ገፋ አድርጋ፣ ወረቀቷን አየችና ተጣራች።

"የዘርፈሽዋል ቤተሰብ!"

ባዩና ተናኘወርቅ እንደለመዱት ብድግ አሉ።

"ቤተሰብ ይቀመጥ" አለች ዘርፈሽዋል። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። "ዘርፈሽዋል እኔ ነኝ። የሚነገር ካለ ለእኔ ነው።"

ነርሷ "ብቻዎን እማማ? አንድ ሰው አብሮዎት ቢገባ..." አለች።

"ብቻዬን።" ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ተናኘወርቅ የተዘጋውን በር እያየች ቀረች። ከውስጥ የሐኪሙ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። አንዴ የእህቷን ድምፅ ሰማች፤ ጥያቄ ነው። ሌላ ጥያቄ። ሌላ። ባዩ አጠገቧ ጉልበቱን አቅፎ ይጸልያል። ስለ ተቀባይና ስለ ሆርሞን፣ ስለ ጡትና ስለ ማህፀን የምታውቀው ሁሉ እዚህ በር ላይ አንዲት ፍሬ አልጠቀማትም። በሩን በርግዳ መግባት አማራት። የማላውቀው ምንድን ነው? ምን እያሏት ነው? እኔ እኮ እህቷ ነኝ!

በሩ ተከፈተ። ዘርፈሽዋል ወጣች፤ አላለቀሰችም፣ አልሣቀችም።

"ምን አሉሽ?" አለች ተናኘወርቅ።

ዘርፈሽዋል አልፋቸው ሄደች። ደረጃውን መውረድ ጀመረች። እነሱ ከኋላ ከኋላ ተከተሉ።

"እትዬ፣ ምን አሉሽ?"

ግቢውን አቋረጠች፣ በዘበኛው በኩል አለፈች፣ መንገዱን ተሻገረች።

"ንገሪኝ እንጂ! ምን ሆነሻል? እኛ ሰው አይደለንም? ልቤ ሊቆም ነው እኮ! እትዬ ዘርፌ!"

ዘርፈሽዋል ከአንዲት ሱቅ ውኃ ገዛች። ቆማ፣ ሳትቸኩል ግማሹን ጠጣች። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ዞረች።

"ካንሰር ነው" አለች። "ገና ከማህፀኑ አልወጣም አሉኝ። ማክሰኞ ማህፀኔን ያወጡታል፤ ፈርሜያለሁ። ለጡቴም ሌላ ክኒን ይሰጡኛል፤ ማህፀን ላይ ጠባዩ የማይለወጥ።" የታናሽ እህቷን ፊት እስክትጠግብ አየችው። "ሩብ ሰዓት ነው ያቆየሁሽ፤ ልቤ ሊቆም ነው አልሽ። እኔን ያቆያችሁኝ ሁለት ዓመት ነው።"